ለስጦታ የጋገራችሁት ኩኪስ በምን ይሰጥ? ቆርቆሮ፣ ጃር፣ ካርቶን ወይስ ሴሎፎን

ኩኪስ ለስጦታ የሚጋግር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሊጡ ነው። ማሸጊያው ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ኩኪሱ ከምድጃ ወጥቶ ጠረጴዛውን ሲሞላው ነው። ከዚያ ሩጫ ነው። ሱቅ ሲገባ ደግሞ ዓይን አዋጅ ይሆናል። አበባ የተሳለበት ቆርቆሮ አለ፣ ሪባን ያለው ካርቶን አለ፣ ጃር አለ፣ ቅርጫት አለ። ሰው በዓይኑ ይመርጥና ይወጣል። ተቀባዩ በሦስተኛው ቀን ሲከፍተው ኩርሽም ይል የነበረው ረጥቧል፣ ለስላሳው ደግሞ ደርቆ ጥርስ ይፈትናል። ከላይ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ።

እቃው ማማር አለበት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ማሳመሩ ቀላሉ ሥራ ነው። ሪባን፣ የሚያምር ወረቀትና ትንሽ ጊዜ ካለ ማንኛውም እቃ ያምራል። ክዳኑ የማይገጥመውን እቃ ግን ሪባን አያድነውም። ስለዚህ ከእቃው በፊት ስለ ኩኪሱ እናውራ።

ኩኪሱ ምን ይፈልጋል?

ደረቅ ኩኪስ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ይለሰልሳል። ለስላሳው በተቃራኒው የራሱን እርጥበት ለአየሩ እየሰጠ ይደርቃል። ሁለቱም አየር የማያስገባ እቃ ይወዳሉ። አብረው መቀመጥ ግን አይወዱም። አንድ እቃ ውስጥ ከተከደኑ እርጥበቱ ከለስላሳው ወደ ደረቁ ይሄዳል፤ በማግስቱ ለስላሳውም ለስላሳ አይደለም፣ ደረቁም ደረቅ አይደለም። ዓይነት በዓይነት ደባልቆ መስጠት እንደሚያምር አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ወዶ አይሆንም። ወይ እያንዳንዱን ዓይነት በየራሱ ትንሽ ከረጢት አሽጋችሁ እቃው ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ወይ አንዱን ዓይነት ብቻ ትሰጣላችሁ።

ሽታም ይጋባል። ሚንት ያለበት ኩኪስ ከተራው የቅቤ ኩኪስ ጋር አንድ ሌሊት ካደረ፣ ጠዋት ሁሉም ሚንት ሚንት ይላል። ዝንጅብልና ቀረፋም ያው ናቸው።

ዕድሜውንም አስቡ። በደንብ የተከደነ ደረቅ ኩኪስ ከፍሪጅ ውጪ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም 3 ሳምንት ይቆያል። ለስላሳው ግን የሚጥመው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ክሬም ወይም ክሬም ቺዝ የገባበት ፍሪጅ ስለሚፈልግ ለስጦታ ባይመረጥ ይሻላል። ተቀባዩ እስኪከፍተው ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያድር ማን ያውቃል?

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም እቃ ላይ ይሠራል። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት። ለብ ያለው ኩኪስ እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ተመልሶ ኩኪሱ ላይ ይወርዳል። በስኳርና በእንቁላል ነጭ የተቀባ ጌጥ ካለበት ደግሞ ቅቡ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ክፍት መቆየት አለበት። አለበለዚያ ያን ሁሉ የተለፋበት ስዕል ከላይኛው ኩኪስ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ቆርቆሮ

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ቆርቆሮ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከመሰበር ይጠብቃል፣ ብርሃን አያስገባም፣ ጥሩ ክዳን ካለው እርጥበትም ብዙም አያስገባም፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ኩኪሱ ካለቀ በኋላም የሚጥለው ሰው የለም። ሰማያዊውን የዴንማርክ የቅቤ ኩኪስ ቆርቆሮ ከፍቶ መርፌና ክር ያላገኘ ሰው አለ እንዴ?

ቆርቆሮና ብስኩት የተገናኙትም በዚሁ በመሰባበር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ጆሴፍ ሀንትሊ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ ከተማ የብስኩት ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ ፊት ለፊት የመንገደኞች ሠረገላ ይቆም ነበር። መንገደኞቹ ብስኩቱን ይገዛሉ፣ ሠረገላው ሲንገጫገጭ ብስኩቱ ይደቃል። በብረት ሥራ የሚተዳደረው ልጁ ቆርቆሮ ይሠራለት ጀመር። ያ ሱቅ በኋላ ሀንትሊ ኤንድ ፓልመርስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ሆነ፤ ያጌጡ ቆርቆሮዎቹን ዛሬም ሰዎች ይሰበስቧቸዋል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ሰዎች የሚረሱት ነገር ልኩን ነው። ማስመሪያ ያዙና ሂዱ። ለምሳሌ የውስጡ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ አለ እንበል። የእናንተ ኩኪስ ስፋቱ 6.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንዱን መሃል ላይ አድርጋችሁ 6ቱን ዙሪያውን ብትደረድሩ በአንድ ረድፍ 7 ይገባል፤ ግጥም ይላል። ኩኪሱ 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነስ? የሚገባው 5 ብቻ ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሁለት ኩኪስ አስቀረች። ይባስ ብሎ መሃል ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ቆርቆሮው በተነሳ ቁጥር ኩኪሱ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ይረግፋል። ስድስት ረድፍ ብትደረድሩ ልዩነቱ 42 እና 30 ነው። ስለዚህ እቃው መጀመሪያ ከተገዛ የኩኪስ መቁረጫውን በእሱ ልክ ምረጡ። ኩኪሱ መጀመሪያ ከተጋገረ ለክታችሁት ሂዱ።

ክዳኑን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድም አለ። ቁራጭ ወረቀት ጠርዙ ላይ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ክደኑት፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ያለምንም ትግል ሹልክ ካለ ክዳኑ ልል ነው። ይዞ ካስቸገረ ጥሩ ነው። ዙሪያውን በአራት አቅጣጫ ሞክሩት፤ ትንሽ የተጣመመ ቆርቆሮ በአንድ ጎን ጠብቆ በሌላው ይላላል። ልል ሆኖ በጣም ከወደዳችሁት ደግሞ ኩኪሱን መጀመሪያ በሚታሸግ ላስቲክ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ወይም የክዳኑን ዙሪያ ያማረ ፕላስተር ለጥፉበት።

ድክመቱ ሁለት ነው። ውስጡ አይታይም። ሌላው ዝገት ነው። የብስኩት ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ እንዳይዝግ በቲን ይለበጣል። ልባጩ በተጫረበት ወይም ውሃ በቀረበት ጥግ ግን መዛጉ አይቀርም። አጥባችሁ ከሆነ በፎጣ ብቻ አትመኑ፤ ገና ለብ ባለ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ከሥሩና በየረድፉ መሃል የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ።

የመስታወት ጃር

ጃር ለዓይን ወደር የለውም። ጎማና የሽቦ መቆለፊያ ያለው ጃር ደግሞ ከሁሉም በተሻለ ያሽጋል። ጃሩን ውሃ ሞልታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ገልብጡት። ጠብ ካላለ አየሩም አይገባም።

ችግሩ አፉ ላይ ነው። ጆን ላንዲስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ባለ ጥርስ ጃር ዛሬም በሁለት የአፍ ልክ ይሸጣል። የጠባቡ ክዳን 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአፉ ውስጥ ግን ከዚያ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ያ 6.5 ሳንቲ ሜትር ኩኪስ አይገባበትም፤ በጎኑ ብታደርጉትም፣ ብታጣምሙትም። 86 ሚሊ ሜትር ክዳን ባለው ሰፊ አፍ ግን ያለችግር ይወርዳል። ትንንሽ፣ ወፍራምና ደረቅ ኩኪስ ከሆነ ጠባቡም ይሠራል። የሚበላው ሰው እጅ መግባቱንም አስቡ፤ ሥሩ ያለውን ለማውጣት ጃሩ ከተገለበጠ የሚወጣው ፍርፋሪ ነው።

ክብደቱም አለ። አንድ ሊትር የሚይዝ ጃር ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለጎረቤት ከሆነ ምንም አይደል። አምስት ስድስት ሰው ጋ በእግር ለማድረስ ካሰባችሁ ግን እዳ ከሜዳ ነው። ወደ ሩቅ በጥቅል ለመላክ ደግሞ አልመክርም።

ብርሃን ስለሚያሳልፍም መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ቅቤና ለውዝ ያለበት ኩኪስ ቶሎ የቆየ ዘይት ዓይነት ሽታ ያመጣል። ተቀባዩ ለጌጥ ብሎ ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ንገሩት።

በነገራችን ላይ ጃር የተጋገረ ኩኪስ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ኮኮዋውን፣ የቸኮሌት ፍሬውን በየረድፉ ደርድራችሁ፣ ቅቤና እንቁላል ጨምሮ እንዴት እንደሚጋገር በወረቀት ጽፋችሁ አንገቱ ላይ ብታስሩት ራሱን የቻለ ስጦታ ነው። መጋገር ለሚወድ ሰው ከኩኪሱ ይልቅ ይህ ሊያስደስተው ይችላል።

ካርቶን

ካርቶን የአንድ ቀን እቃ ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ጠዋት ጋግራችሁ ማታ የምትሰጡ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ወዲያው የሚበሉት ከሆነ፣ ቆርቆሮ ምን ያደርጋል? ካርቶን ርካሽ ነው፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ሃያ ሰላሳ ቢያስፈልግ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ግልጽ መስኮት ያለው ከሆነ ደግሞ ጌጡ ይታያል። በቀለም የተሳለ ኩኪስ በአንድ ረድፍ ብቻ ተጋድሞ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ጥልቀት የሌለው ባለ መስኮት ካርቶን ከሁሉም ይበልጣል። እዚህ ላይ ቆርቆሮዬንም እተዋለሁ።

ግን አየር ያስገባል። ቅቤም ይመጣል፤ በባዶው ካርቶን የተቀመጠ የቅቤ ኩኪስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥሩ ላይ ወዝ ያለው ክብ ይተዋል፣ ያ ክብ ደግሞ የሰውየውን ጠረጴዛ ልብስ ያገኘዋል። የመጋገሪያ ወረቀት ወይም የሰም ወረቀት ከሥሩ አንጥፉ፤ ጠርዙን ከፍ አድርጋችሁ ከላይ መልሳችሁ እጠፉት። ለምግብ ያልተሠራ፣ በተለይ ከውስጥ የታተመበት ወይም ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ካርቶን ከሆነ ኩኪሱ በቀጥታ ካርቶኑን ባይነካ ይመረጣል። የህትመት ቀለም ቅሪት ወደ ቅባታማ ምግብ ሊያልፍ ይችላል።

ኩኪሱ ካርቶኑ ውስጥ እንዳይንሸራተት የኬክ ወረቀቶችን ተጠቀሙ። ሁለት ሁለቱን፣ ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ በአንድ የኬክ ወረቀት ብታቆሙ ቦታም ይቆጥባል፣ አሰላለፉም ያምራል። ካርቶን ላይ ካርቶን ስትደራርቡ ግን ተጠንቀቁ። መስኮት ያለው ክዳን መሸከም አይችልም።

ሴሎፎን

ለብዙ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት የሚሰጥ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። አምስት ኩኪስ፣ አንድ ከረጢት፣ አንድ ሪባን፤ አለቀ። ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆመውን ዓይነት ምረጡ፤ ኩኪሱን አንዱን በአንዱ ላይ ቀጥ አድርጎ ለመደርደር ይመቻል።

ሰው የማያስበው ነገር ሪባን እንደማያሽግ ነው። የተሸበሸበው አንገት ላይ ሪባኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ በእጥፋቶቹ መሃል አየር ይገባል። ደረቅ ኩኪስ ከሆነ መጀመሪያ አፉን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በፕላስተር ዝጉት፤ ከዚያ ሪባኑን ለወጉ ያህል እሰሩበት። የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ያለው ሰውማ ምን ችግር አለበት።

ሴሎፎንን የሠራው ዣክ ብራንደንበርገር የተባለ የስዊስ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908። ከእንጨት በሚገኝ ሴሉሎስ የተሠራ ስስ ገላጭ ወረቀት ነበር። ሆኖም እርጥበት ያሳልፍ ነበር። ለኩኪስ የሚሆነው፣ እርጥበት የሚከለክል ልባጭ ያለው ሴሎፎን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ነው። ዛሬ በሴሎፎን ስም ከሚሸጠው ብዙው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ለመለየት ጠርዙን እጥፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። እውነተኛው ሴሎፎን እንደታጠፈ ይቆያል፤ ፕላስቲኩ ተመልሶ ይዘረጋል። ለኩኪስ ሁለቱም ይሆናሉ። በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ ነው ብላችሁ የገዛችሁ ከሆነ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የከረጢት ጉድለቱ ኩኪሱን ከመሰበር አለመጠበቁ ነው። ቦርሳ ውስጥ አብሮ የሚገባ ከሆነ ስስ ኩኪስ አትምረጡለት።

ፕላስቲክ፣ ቅርጫት፣ ሸክላና ሌሎች

ክዳኑ ዙሪያ ጎማ ያለው የፕላስቲክ እቃ ሥራውን ይሠራል። በደንብ ያሽጋል፣ አይሰበርም፣ ለተቀባዩም ለወጥ ቤት ይጠቅማል። ግን ከትርፍ ምግብ እቃ የተለየ አይመስልም። ዙሪያውን በወረቀት ጠቅልሉት ወይም በጨርቅ እሰሩት። ቀድሞ ምግብ የነበረበት ፕላስቲክ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ቅባትና ሽታ ይይዛል፣ ኩኪስ ደግሞ ሽታ ይወዳል።

ቅርጫትና የጨርቅ ከረጢት ያምራሉ፣ ነገር ግን እቃ አይደሉም፤ ጌጥ ናቸው። ውስጣቸው የታሸገ ከረጢት ሳይኖር ኩኪስ አታስቀምጡባቸው። ሰሃን ላይ ደርድሮ በሴሎፎን ጠቅልሎ መስጠትም ደስ ይላል፤ እሱም እንደ ካርቶኑ የዕለት ነው።

ባለ ክዳን የሸክላ እቃ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ውድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ብዙዎቹ ክዳኖች ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ እንጂ አይገጥሙም። ለጌጥ ብቻ የተሠራ ሸክላ ደግሞ ቅቡ ላይ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

ቤት ያለውን እቃ መልሶ መጠቀም

እኔ ብዙ ጊዜ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ቁም ሣጥኑን እከፍታለሁ። የሻይ ቆርቆሮ፣ የቡና ጣሳ፣ የማርማላታ ጃር፤ ተለጣፊው ተነስቶ አዲስ ወረቀት ሲለብስ ማን ያውቀዋል? የማርማላታ ጃር ተለጣፊ በሙቅ ውሃና ሳሙና ተዘፍዝፎ ካልለቀቀ፣ ሙጫው ላይ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ፈግፍጉት።

ፕሪንግልስ የሚባለው የድንች ቺፕስ የሚሸጥበት ረጅም ክብ ካርቶን ለክብ ኩኪስ የተሠራ እስኪመስል ይመቻል። ኩኪሱን በእሱ ልክ፣ ጠበብ አድርጋችሁ ቁረጡ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ አይነቃነቅም። ይህን ማሸጊያ የነደፈው ፍሬድሪክ ባወር በሥራው እጅግ ይኮራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞት በፈቃዱ ከአስከሬኑ አመድ የተወሰነው በፕሪንግልስ ካርቶን ተደርጎ ተቀበረ። ይህን ያህል የሚታመን እቃ ለኩኪስ አይበዛበትም።

መልሶ ለመጠቀም ሁለት ነገር ማጣራት አለባችሁ። አንደኛው ሽታ ነው። ታጥቦ የደረቀውን እቃ ባዶውን ከድናችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከፍታችሁ አሽትቱ። ቡና ቡና ካለ የቸኮሌት ኩኪስ ሊችለው ይችላል፣ የቫኒላው ግን አይችለውም። ሁለተኛው ቀድሞ የነበረበት ነገር ነው። ለውዝ የነበረበትን እቃ፣ በተለይ መገጣጠሚያ ያለውን ቆርቆሮ፣ ለውዝ ለሚያስቸግረው ሰው አትስጡ።

በጥቅል የሚላክ ከሆነ

ቆርቆሮ ምረጡ፤ ሌላውን እርሱት። ኩኪሱን ሁለት ሁለት ጀርባ ለጀርባ ጠቅልሉ፣ ከባዱን ከሥር፣ ቀላሉን ከላይ አድርጉ፣ ክፍት የቀረውን ቦታ በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። ከድናችሁ በቀስታ ነቅንቁት። ድምፅ ከተሰማ ገና ነው፤ ወረቀት ጨምሩ። ቀጥሎ ቆርቆሮውን በሁሉም ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ባለው ካርቶን ውስጥ አስገቡና ዙሪያውን በለስላሳ ነገር ሙሉ። ስስና ተሰባሪ ኩኪስ፣ ሁለቱ በጃም የተጣበቁትንም ጨምሮ፣ ለዚህ መንገድ አይሆኑም። ወፈር ያለ ደረቅ ኩኪስ ላኩ።

የትኛውንም እቃ ብትመርጡ ትንሽ ወረቀት አብራችሁ አስገቡ። ምን ዓይነት ኩኪስ እንደሆነ፣ መቼ እንደተጋገረ፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ እንዳለበት ጻፉ። እቃው ውድ የሚመስል ከሆነ ደግሞ «እቃውም የእርስዎ ነው» የምትል መስመር ጨምሩበት። አለበለዚያ ሰውየው አጥቦ እስኪመልሰው ድረስ ሲጨነቅ ይከርማል።